ስላይድ 3 የትኛው ነው?

ይድረስ፦ ፓወርፖይንትንና መሰል የፕረዘንቴሽን ሶፍትዌሮችን በኤአይ ኤጀንት የሚያሠሩ መሣሪያዎችን ለሚያለሙ ባለሙያዎችና ድርጅቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የመሣሪያ መግለጫዎች ግልጽ ሆነው እንዲጻፉ ስለመጠየቅ

የመሣሪያ መግለጫ የሚባለው አንድ የኤአይ ሞዴል ሊጠራው ከሚችለው መሣሪያ ስም ጋር የሚቀመጥ አጭር ጽሑፍ ነው። ሞዴሉ የመሣሪያውን ኮድ አያይም። የሚደርሰው ስሙ፣ መግለጫውና የሚቀበላቸው ግቤቶች ዝርዝር ብቻ ነው። የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚጠራ፣ ምን ቁጥር እንደሚያስገባ፣ ሥራው ሲያልቅ ለተጠቃሚው ምን ብሎ እንደሚመልስ የሚወስነው ከዚያ ጽሑፍ ተነሥቶ ነው። ወራት የተለፋበት ኮድ ለሞዴሉ የሚታየው በሁለት መስመር ቀዳዳ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን በሥራ ላይ ባሉ በርካታ መሣሪያዎች ይህ ቀዳዳ በጣም ጠቧል። «ስላይድ ያጠፋል»፣ «ጽሑፍ ይጨምራል»፣ «ቅርጽ ያስተካክላል» ከሚል ያለፈ ቃል የሌላቸው መግለጫዎች ተለምደዋል። ልምዱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል፣ በአጭሩ ኤምሲፒ፣ ለአንድ መሣሪያ ስምና የግቤት ንድፍ የግድ ያስፈልጋል ሲል መግለጫውን ግን በአማራጭነት ትቶታል፤ ባዶ ቢሆንም ሕግ አልተጣሰም። በፓይተን የሚሠሩ ደግሞ ከተግባሩ ሥር ያለው ዶክስትሪንግ በቀጥታ መግለጫ ይሆንላቸዋል። ዶክስትሪንግ ደግሞ ኮዱን ከፍቶ ለሚያነብ የሥራ ባልደረባ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ባልደረባው ያልገባውን ከታች ወርዶ ከኮዱ ያያል። ሞዴሉ ወደ ታች የሚወርድበት የለውም፤ ስለዚህ ይገምታል።

ግምቱ ሲስት ምን እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ይታይ። 14 ስላይድ ያለው የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት አለ እንበል። ባለቤቱ «3ኛዋን ስላይድ አጥፋልኝ» ብሎ ይጽፋል። ኤጀንቱ የያዘው መሣሪያ መግለጫ «ስላይድ ያጠፋል» ይላል፤ ግቤቱም «የስላይድ ኢንዴክስ፣ ሙሉ ቁጥር» ነው። ሞዴሉ 3 ብሎ ይልካል። መሣሪያው የተሠራው ከዜሮ በሚቆጥረው የፓይተን ላይብረሪ፣ በፓይተን ፒፒቲኤክስ ላይ ነውና 4ኛው ስላይድ ይጠፋል። መሣሪያው «ተሳክቷል» ብሎ ይመልሳል። ኤጀንቱም «3ኛው ስላይድ ጠፍቷል» ብሎ ያበሥራል። ባለቤቱ ፋይሉን ከፍቶ ያያል፤ 3ኛዋ እዚያው ናት። «አልጠፋችም እኮ» ይላል። ኤጀንቱ ይቅርታ ጠይቆ ያንኑ መሣሪያ በዚያው ቁጥር ደግሞ ይጠራል። ቀድሞ 5ኛ የነበረው ስላይድ የ4ኛውን ቦታ ይዞ ነበርና አሁን እሱም ይሄዳል። ሁለት የሚፈለጉ ስላይዶች ጠፍተዋል፣ የማትፈለገዋ አለች፣ መሣሪያውም ሁለቴ «ተሳክቷል» ብሏል። መሣሪያው በየጥሪው ፋይሉን የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ከፓወርፖይንት ውጭ በኮድ የተነካ ፋይል «ወደ ኋላ መልስ» የሚባል ታሪክ የለውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተበላሸ ኮድ የለም። ላይብረሪው ከዜሮ መቁጠሩ መብቱ ነው፤ ሞዴሉም ሰውየው ያለውን ቁጥር ነው የላከው። የጎደለው «ቁጥሩ ከ0 ይጀምራል፤ ተጠቃሚው 3 ካለ 2 ይላክ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ነገሩን የሚያከብደው በፕረዘንቴሽን ዓለም ውስጥ «3» አንድ ትርጉም ብቻ የሌላት መሆኗ ነው። በፓወርፖይንት በራሱ ማክሮ ቋንቋ ስላይዶች የሚቆጠሩት ከ1 ነው። እያንዳንዱ ስላይድ ከተራ ቁጥሩ ሌላ ከ256 ጀምሮ የሚሰጥ መለያ ቁጥር አለው፤ ስላይዱ ወደ ላይ ወደ ታች ቢዛወርም ይህ መለያ አይለወጥም። በስላይዱ ግርጌ የሚታተመው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነው፤ ባለቤቱ በገጽ ማስተካከያው ውስጥ ከ0 ወይም ከ20 እንዲጀምር ሊያደርገው ይችላል። በጉግል ስላይድስ በኩል ስላይድ የሚጠራው በፊደልና በቁጥር በተሠራ መለያ ሲሆን፣ አዲስ ስላይድ የሚገባበት ቦታ ግን ከዜሮ ይቆጠራል። ከእነዚህ ሁሉ አስተማማኙ የማይለወጠው መለያ ነው። ለማጥፋት፣ ለማዛወርና ለመተካት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ተራ ቁጥርን ትተው መለያን ቢቀበሉ፣ ያ የማይቻል ከሆነም ተራ ቁጥሩ ከስንት እንደሚጀምር በመግለጫውም በግቤቱም ላይ ቢጽፉ ከላይ ያለው ዓይነት ጥፋት ከምንጩ ይደርቃል።

ስለ ማጥፋት አንድ ሌላ ነገር መነሣት አለበት። ፓይተን ፒፒቲኤክስ ለተጠቃሚዎቹ የከፈተው ስላይድ ማጥፊያ የለውም፤ አልሚው የሚሠራው በራሱ ብልሃት ነው። የፒፒቲኤክስ ፋይል በውስጡ የኤክስኤምኤል ፋይሎችን የያዘ ዚፕ ነው። አልሚው የስላይዱን ስም ከዝርዝሩ ላይ ሰርዞ ግንኙነቱን ሳይቆርጥ ከተወው፣ ስላይዱ ከእይታ ይሰወራል እንጂ ጽሑፉ ዚፑ ውስጥ ይቀራል። የደመወዝ ሠንጠረዥ ያለበትን ስላይድ አስጠፍቶ ፋይሉን ለውጭ ሰው በኢሜይል የላከ ሠራተኛ ሠንጠረዡንም አብሮ ልኳል። «ያጠፋል» የሚል መግለጫ ይህን ሠራተኛ ዋሽቶታል። መሣሪያው የሚያደርገው ከዝርዝር ማውጣት ብቻ ከሆነ መግለጫውም ይህንኑ መናገር አለበት።

ከቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጣጣ ነው። ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የተሠራው ዓይን ላለው ሰው ነው፤ ሣጥኑ ወደ ቀኝ ከበዛ በማውስ ይጎተታል፣ ልክ ማወቅ አያስፈልግም። በፋይሉ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ቁጥር ነው፤ መለኪያውም ኢኤምዩ ይባላል። 1 ኢንች 914,400፣ 1 ሴንቲ ሜትር 360,000፣ 1 ፖይንት 12,700 ኢኤምዩ ነው። የፊደል መጠን ደግሞ በፖይንት መቶኛ ይጻፋል፤ 18 የሚባለው ፊደል በፋይሉ ውስጥ 1800 ነው። የማክሮ ቋንቋው በፖይንት ይናገራል፤ አልሚዎች ለራሳቸው ምቾት ኢንች ወይም ፒክስል ይመርጣሉ። «ግራ፣ ላይ፣ ስፋት፣ ቁመት፦ ቁጥር» የሚል ግቤት ለቀረበለት ሞዴል 1 ብሎ መላክ አንድ ኢንች ሊሆን ይችላል፣ በዓይን የማይታይ ነጥብም ሊሆን ይችላል። 100 ብሎ ፖይንት አስቦ ቢልክና መሣሪያው በኢንች ቢረዳው ሣጥኑ ከስላይዱ ውጭ ርቆ ይተከላል። በሁለቱም ጊዜ ስህተት የሚል መልስ ላይመጣ ይችላል፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ ጽሑፉ ብቻ የለም።

ልክ ቢታወቅ እንኳ የስላይዱ ስፋት ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ከ2013ቱ እትም ወዲህ ፓወርፖይንት ሲከፈት የሚያቀርበው ስላይድ 13.333 በ7.5 ኢንች ነው። ፓይተን ፒፒቲኤክስ ባዶ ፋይል ሲፈጥር ግን የድሮውን 10 በ7.5 ኢንች ይሰጣል። ሞዴሉ ሰፊውን ስላይድ አስቦ የቀኙን ዓምድ ከ7 ኢንች አስጀምሮ 5.5 ኢንች ቢያሰፋው ጫፉ 12.5 ላይ ይደርሳል፤ ስላይዱ 10 ላይ ያበቃል። የሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ድምር» የሚለው፣ የተሰብሳቢ ዓይን አያገኘውም። «ይህ መሣሪያ ከመጠራቱ በፊት የስላይዱ ስፋትና ቁመት ይጠየቅ» የሚል መመሪያ ያለበት መግለጫ ግን እምብዛም አይገኝም።

የቀለም ነገርም ከዚሁ ወገን ስለሆነ በአጭሩ ይለፍ። በፓወርፖይንት የማክሮ ቋንቋ አንድ ቀለም በአንድ ቁጥር ሲገለጽ ቀዩ የሚቀመጠው ዝቅተኛው ባይት ላይ ነው፤ ንጹሕ ቀይ 255 ነው። በድረ ገጽ ልማድ የተጻፈውን የቀይ ኮድ እንዳለ ወደ ቁጥር ለውጦ የሚልክ ሞዴል 16,711,680 ይልካል፤ የሚወጣውም ሰማያዊ ነው። «ቀለም፦ ቁጥር» ከማለት ይልቅ የአጻጻፉን ቅደም ተከተል ከአንድ ምሳሌ ጋር ማስቀመጥ ይበቃ ነበር።

ከዚህ የበለጠ ጉዳት እያደረሰ ያለው፣ ግን ከላይ ሲታይ ምንም ያልተበላሸ የሚመስለው፣ የፕሌስሆልደርና የቴክስት ቦክስ መምታታት ነው። ፕሌስሆልደር ማለት ሌይአውቱ ለርዕስ፣ ለጽሑፍ፣ ለሥዕል ብሎ አስቀድሞ ያዘጋጀው ቦታ ነው፤ ፎንቱን፣ መጠኑንና ቦታውን ከማስተር ስላይዱ ይወርሳል። ቴክስት ቦክስ ግን በላዩ ላይ የተለጠፈ ሣጥን ነው። «ጽሑፍ ይጨምራል» ተብሎ የቀረበለት ሞዴል ርዕሱን በቴክስት ቦክስ ለጥፎ ያልፋል። ለተመልካች ርዕስ ይመስላል። ፋይሉን ለማስተካከል የከፈተው ሰው ግን ከጽሑፉ ሥር «ርዕስ ለመጨመር እዚህ ይጫኑ» የሚል ባዶ ቦታ ያገኛል። በአውትላይን እይታ 14ቱም ስላይዶች ርዕስ አልባ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ አርማና ፎንት ቀይሮ ማስተሩን ሲያስተካክል እነዚያ ሣጥኖች አይሰሙም። በስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሠራተኛ ደግሞ ከስላይድ ስላይድ የሚዘለው በርዕስ ነውና መንገዱ ተዘግቶበታል።

መፍትሔው ያን ያህል አያስቸግርም። አንድ አልሚ በአንድ ስብስብ ውስጥ «ጽሑፍ ጨምር»፣ «ጽሑፍ አስገባ»፣ «ጽሑፍ ሙላ» የሚሉ ሦስት መሣሪያዎችን ጎን ለጎን ካስቀመጠ፣ ልዩነታቸውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ ይዋሐዱ። የቀሩት እያንዳንዳቸው መቼ እንደሚጠሩና መቼ እንደማይጠሩ ይጻፍባቸው፦ «ሌይአውቱ የርዕስ ቦታ ካለው ይህ መሣሪያ አይጠራም፤ ፕሌስሆልደር የሚሞላው መሣሪያ ይጠራ» የሚል ቃል። «መቼ አይጠራም» የሚለው ግማሽ በብዙ መግለጫዎች ውስጥ የለም፤ ሞዴሉን ከስህተት የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

በአማርኛ ለሚሠሩ ሰዎች ችግሩ ሌላ ገጽ አለው። ትእዛዙ የሚመጣው በአማርኛ ነው፤ መግለጫው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሞዴሉ በመካከል ያስታርቃል። «ርዕሱን ቀይረው» የሚል ሰው ቃላቱን ማለቱ ይሁን ቀለሙን ወይም ቦታውን ከአነጋገሩ ብቻ አይለይም። «ስላይዱን አጥፋው» ደግሞ ለዘለቄታው ሰርዘው ሊሆን ይችላል፣ ለዛሬው ስብሰባ ብቻ እንዳይታይ አድርገው ሊሆንም ይችላል፤ ፓወርፖይንት ስላይድ መደበቂያ አለውና ሁለተኛውም የተለመደ ፍላጎት ነው። መግለጫው «ይህ ለዘለቄታው ያጠፋል፤ ለጊዜው ለመደበቅ ሌላኛው መሣሪያ ይጠራ» የሚል ከሆነ ሞዴሉ ሁለት መንገድ እንዳለ ያውቃል፣ ተጠቃሚውንም ይጠይቃል። መግለጫው አንድ መንገድ ብቻ ካሳየው የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

የፊደሉም ነገር አለ። በፓይተን ፒፒቲኤክስ የፎንት ስም ሲሰጥ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ ነው። ካሊብሪ የግዕዝ ፊደል የለውም። በመሆኑም «ፎንት፦ ካሊብሪ» ተብሎ የታዘዘ የአማርኛ ጽሑፍ በየኮምፒውተሩ ባለው ተተኪ ፎንት ይታያል። የኦፊስ ነባር ቴም ለግዕዝ ፊደል የሚጠቁመው ኒያላን ነው፤ በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ ተጨማሪ ተብሎ በአማራጭ የሚጫን ፎንት ሆኗል። አንዱ ማሽን ላይ በሁለት መስመር ያለቀ ርዕስ ሌላው ላይ ሦስተኛ መስመር ጀምሮ ሥዕሉ ላይ ይወጣል። ፋይሉን በኮድ የሚጽፍ መሣሪያ ስላይዱን አይስለውም፤ ጽሑፉ ከሣጥኑ ይትረፍ አይትረፍ አያውቅም። ይህን አለማወቁን መናገር ግን ይችላል፦ «ይህ መሣሪያ ጽሑፉ በሣጥኑ ልክ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ስላይዱን ወደ ሥዕል በሚለውጠው መሣሪያ ይታይ» ብሎ።

«ርዕስ፣ ቢበዛ 60» የሚል ግቤትም እንዲሁ ነው። 60 ምኑ ነው? በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። መሣሪያው የሚቆጥረው ባይት ከሆነ የአማርኛው ርዕስ 20ኛው ፊደል ላይ ይቆረጣል፣ ያውም ያለ ማስጠንቀቂያ።

መግለጫ ሲባል የመልሱንም ጽሑፍ ይጨምራል፤ መሣሪያው ከሥራው በኋላ የሚመልሰው ቃል ለሞዴሉ ቀጣዩ መግለጫ ነውና። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል መልስ ሞዴሉን ወደ ጨለማ ይመልሰዋል፤ ያንኑ ጥሪ ደጋግሞ ይልካል። «ፕረዘንቴሽኑ 14 ስላይድ ነው ያለው፤ ከ0 እስከ 13 ያለ ቁጥር ይላክ» የሚል መልስ በአንድ ጊዜ ያቀናዋል። ስኬትም ቢሆን ባዶውን መነገር የለበትም። ከላይ በተነሣው ምሳሌ መሣሪያው «ተሳክቷል» በማለት ፈንታ «‹የበጀት አጠቃቀም› የሚል ርዕስ ያለው ስላይድ ጠፍቷል፤ 13 ቀርተዋል» ብሎ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ጥሪ የጠፋው ስላይድ ይተርፍ ነበር።

በኤምሲፒ ውስጥ መሣሪያው የሚያነብ ብቻ መሆኑን፣ ወይም የሚያጠፋ መሆኑን፣ ደግሞ ቢጠራ ለውጥ የሚያመጣ መሆን አለመሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች እንዳሉ ይታወቃል። እነሱን መሙላት መልካም ነው። ነገር ግን ፕሮቶኮሉ ራሱ ጥቆማ እንጂ ዋስትና አይደሉም ይላል፤ ስለ ኢንችና ስለ ፕሌስሆልደርም የሚናገሩት የለም። የመግለጫን ቦታ አይተኩም።

ከአልሚዎች የሚሰማው ዋናው መከራከሪያ የቦታ ጉዳይ ነው። የሁሉም መሣሪያዎች መግለጫ በየውይይቱ ለሞዴሉ ስለሚላክ፣ 40 መሣሪያ ያለው ስብስብ ረጃጅም መግለጫ ከተጻፈለት ወጪው ይንራል፣ የሞዴሉም ትኩረት ይበተናል። መከራከሪያው እውነት አለው። ሆኖም መቀነስ ያለበት የመሣሪያው ብዛት ነው፤ ጥቂት በደንብ የተገለጹ መሣሪያዎች ከብዙ ድዳ መሣሪያዎች ይሻላሉ። አንትሮፒክ ለአልሚዎች ባወጣው መመሪያም ለአንድ መሣሪያ ቢያንስ 3 ወይም 4 ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ይመክራል። «ኃያል»፣ «ዘመናዊ»፣ «ሁለገብ» የሚሉ ቅጽሎች ሲወጡ ደግሞ የሚተርፈው ቦታ ቀላል አይደለም። ሞዴሉ ዕቃ ሊገዛ አልመጣም።

ስላይድ ማጥፊያው እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «በተከፈተው ፕረዘንቴሽን ውስጥ ያለን አንድ ስላይድ ከነይዘቱ ለዘለቄታው ያጠፋል፤ ፋይሉ ከተቀመጠ በኋላ መመለስ አይቻልም። ስላይዱ የሚጠራው በመለያ ቁጥሩ ነው፤ መለያው የስላይዶችን ዝርዝር ከሚሰጠው መሣሪያ ይገኛል፤ ተጠቃሚው በስክሪን ላይ የሚያየው ተራ ቁጥር መለያ አይደለም። ለጊዜው ለመደበቅ ይህ አይጠራም። ፋይሉን አያስቀምጥም። ሲሳካ የጠፋውን ስላይድ ርዕስና የቀሩትን ብዛት ይመልሳል።» በዚህ ውስጥ ለማሳመር የገባ ቃል የለም፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከላይ የተቆጠረ አንድ ጥፋት ይከለክላል።

ስለሆነም አልሚዎችና ድርጅቶቻቸው በቅድሚያ የሚያጠፉ፣ የሚተኩና የሚያስቀምጡ መሣሪያዎቻቸውን መግለጫ እንዲከልሱ፤ ቁጥር በሚቀበል በእያንዳንዱ ግቤት ላይ መነሻውንና መለኪያውን እንዲጽፉ፤ የሚቀራረቡ መሣሪያዎችን እንዲያዋሕዱ፤ መሣሪያው የማያረጋግጠውን ነገር በግልጽ እንዲናገሩ፤ በአማርኛና ከላቲን ውጭ ባሉ ሌሎች ፊደላት የተጻፉ ፋይሎችንም በሙከራቸው ውስጥ እንዲያካትቱ በአክብሮት ይጠየቃሉ። ለሙከራው ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ኮዱን ላላየ አንድ የሥራ ባልደረባ መግለጫው ብቻውን ተሰጥቶት «ሰውየው 3ኛዋን አጥፋ ብሏል፤ ምን ትልካለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ባልደረባው «ከስንት ነው የሚቆጥረው?» ብሎ መልሶ ከጠየቀ መግለጫው ገና አላለቀም።

በሚቀጥለው የመሣሪያዎቹ እትም ላይ ማሻሻያው እንደሚታይ በአክብሮት ይጠበቃል።



ግልባጭ፦ መሣሪያዎቹን መርጠው ለሠራተኛ ለሚያቀርቡ የአይሲቲ ክፍሎች